ሲመሽ የሚጠፋው ካሜራ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ እንዴት ናችሁ። ቢሮ ውስጥ አምስት ካሜራና ሁለት አክሰስ ፖይንት (የዋይፋይ ማሰራጫ) አሉኝ፣ ሁሉም ፓወር የሚያገኙት በኔትወርክ ኬብሉ ነው። የገዛሁት ባለ 8 ፖርት ፒኦኢ ስዊች ነው፣ ማለትም በኔትወርክ ኬብሉ ፓወር የሚሰጥ፣ እንደውም አንድ ፖርት ይተርፈኛል። ቀን ምንም ችግር የለም፣ ልክ ሲመሽ ግን ሰባተኛው ፖርት ላይ ያለው ካሜራ ይጠፋል፣ ትንሽ ቆይቶ ይመጣል፣ ደግሞ ይጠፋል። ካሜራውን ቀየርኩት፣ አዲሱም ያው ነው። ካሜራዎቹ ላይ ማክሲመም 8 ዋት ይላል፣ አክሰስ ፖይንቶቹ ላይ 12 ዋት፣ የስዊቹ ካርቶን ላይ ደግሞ 60 ዋት። አንዱ ኢንጀክተር (ለአንድ ዕቃ ብቻ በኔትወርክ ኬብሉ ፓወር የሚያስገባ አዳፕተር) ግዛ ይለኛል ሌላው ትልቅ ስዊች ግዛ ይለኛል። በዛ ላይ 120 ሜትር ገደማ ራቅ ብሎ በሩ ጋ የሚሽከረከር ካሜራ መስቀል አስቤያለሁ። እባካችሁ ገንዘቤን ሳልጨርስ ንገሩኝ። — ካሜራ ያስቸገረው

መልስ፦ ወንድሜ ያቺን ካሜራ በከንቱ ነው የቀየርካት፣ መልሱን ራስህ ጽፈኸዋል እኮ። እስቲ አንድ ላይ እንደምረው፣ አምስት ካሜራ በ8 ዋት 40፣ ሁለት አክሰስ ፖይንት በ12 ዋት 24፣ ድምሩ 64። ስዊችህ ያለው 60 ነው። ቀን ላይ ካሜራዎቹ በጨለማ የሚያዩበት የኢንፍራሬድ መብራታቸው ስለማይበራ ከተጻፈባቸው በጣም ያነሰ ነው የሚስቡት፣ ስለዚህ ይበቃል። ሲመሽ ግን አምስቱም በአንዴ መብራታቸውን ያበራሉ፣ ስዊቹም አልችልም ብሎ አንዷን ይቆርጣል። ብዙ ስዊቾች ላይ ቅድሚያ ካልተሰጠ በስተቀር መጀመሪያ የሚቆረጠው ቁጥሩ ከፍ ያለው ፖርት ነው፣ ሰባተኛዋ ተለይታ የተበደለችው ለዚህ ይመስለኛል። ከዛ ቦታ ሲገኝ መልሶ ይሰጣታል፣ መብራቷን ታበራለች፣ እንደገና ይቆርጣታል፣ እንዲህ እያለ ይነጋል።

ሰው ስዊች ሲገዛ ፖርት ይቆጥራል፣ መቁጠር ያለበት ግን ዋት ነው። ስምንት ፖርት አለው ማለት ስምንቱንም ሙሉ በሙሉ ይመግባል ማለት አይደለም፣ እያንዳንዱ ፖርት እስከ 30 ዋት ይሰጣል ተብሎ ተጽፎ ጠቅላላው 60 ብቻ የሆነ ስዊች ሞልቷል፣ ውሸት አይደለም ግን ሻጩ የመጀመሪያውን ቁጥር ነው ጮክ ብሎ የሚነግርህ። ካርቶኑን ካላመንክ አዳፕተሩን ገልብጠህ እየው፣ ቮልቱን በአምፒሩ አባዛው፣ ለምሳሌ 52 ቮልት 1.25 አምፒር ካለ 65 ዋት ነው፣ ከዛ ላይ ስዊቹ ራሱ የሚበላው ይቀነሳል።

ስለ ፒኦኢ ስታንዳርዶች ባጭሩ፣ በ2003 የወጣው ኤኤፍ የሚባለው ከፖርቱ 15.4 ዋት ይሰጥና ዕቃው ጋ ሲደርስ 12.95 ነው የሚታሰበው፣ ቀሪውን ኬብሉ በሙቀት ይበላዋል። የ2009ኙ ኤቲ 30 ሰጥቶ 25.5 ያደርሳል። የ2018ቱ ቢቲ እስከ 90 ዋት ይሄዳል፣ አንተ ግን ለሱ አትክፈል አያስፈልግህም። የሚሽከረከረው ካሜራ ሞተርም መብራትም ስላለው ብዙ ጊዜ ኤቲ ይፈልጋል፣ ለሱ 25 ያዝለትና ድምርህ 89 ይሆናል፣ ለኬብሉ ብክነትና ነገ ለሚጨመረው ሩብ ያህል ጨምርበት፣ እና ጠቅላላው 120 ዋት አካባቢ የሆነ የኤቲ ስዊች ፈልግ።

ኢንጀክተር ግዛ ያለህ ሰውዬም አልተሳሳተም፣ አንድ ዕቃ ብቻ ከሆነ የቸገረህ ኢንጀክተር ርካሽና ጥሩ ነው፣ ለሰባት ዕቃ ግን ሰባት አዳፕተር ሰባት ሶኬት ነው፣ ስዊች ከሆነ አንድ ዩፒኤስ ሁሉንም ይይዝልሃል። ከገዛህም ፓሲቭ የሚባለውን ተጠንቀቅ። ደህናው ስዊችም ሆነ ኢንጀክተር መጀመሪያ ትንሽ ቮልት ልኮ ወዲያኛው ጫፍ ላይ 25 ኪሎኦም ሬዚስታንስ መኖሩን ያያል፣ ካላገኘ ፓወር አይለቅም፣ ለዛ ነው ላፕቶፕ ብትሰካበት ምንም የማይሆነው። ፓሲቩ ግን ሳይጠይቅ ነው የሚለቀው። እኔ አንዴ ቸኩዬ የ48 ቮልት ፓሲቭ ኢንጀክተር ጫፍ ፕሪንተር ላይ ሰክቼ የፕሪንተሩን ኔትወርክ ፖርት አቃጥዬዋለሁ፣ ሽታው እስካሁን አፍንጫዬ ላይ አለ።

የበሩ ካሜራ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። የኔትወርክ ኬብል ልኩ 100 ሜትር ነው። መሀል ላይ ኤክስቴንደር (መስመሩን የሚያስረዝም ዕቃ) ይገባል ይሉሃል፣ ይገባል፣ ግን እሱም ከዛችው ፓወር ላይ ነው የሚበላው፣ ለ25 ዋት ካሜራ ላይበቃ ይችላል። በሩ ጋ መብራት ካለ እዛው ፋይበር የሚቀበል ትንሽ የኤቲ ስዊች አስቀምጥና መሀሉን በፋይበር (በመዳብ ፈንታ በመስታወት ክር ብርሃን በሚያስተላልፍ ኬብል) አገናኘው፣ ያኔ የሱን 25 ዋት ከላይ ካለው ድምር ቀንሰው፣ መብረቅ ሲመጣም ፋይበሩ ወደ ውስጥ አያስገባብህም።

ኬብል ስትገዛ ቁራጭ ለምነህ አንዷን ሽቦ በምላጭ ፋቅ አድርጋት። ውስጧም ቀይ ከሆነች መዳብ ናት፣ ነጣ ካለች መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ናትና ተዋት፣ ሬዚስታንሷ ከፍ ያለ ስለሆነ ረጅም መስመር ላይ ፓወሩን መንገድ ላይ ታስቀርብሃለች፣ ትሞቃለችም።

ምንም ሳትገዛ ግን ዛሬ ማታ ይህን ሞክር፣ ሳይመሽ አንዱን አክሰስ ፖይንት ንቀለው። ድምሩ 52 ስለሚሆን ሰባተኛዋ ካሜራ ሌሊቱን ሙሉ ካልጠፋች ጉዳዩ የዋት ነው። አሁንም ከጠፋች የዛችን ካሜራ ኬብል ከሌላዋ ጋር አቀያይረህ እይና ጻፍልን።