ለጀማሪ የጥናት ባለሙያዎች፦ ከስልክ ወደ ፖስታ

የቤት ለቤት ጥናት ሥራ ለምትጀምሩ ልጆች አንድ ምክር አለኝ። የመጠይቅ ዘዴ ስትቀይሩ አሮጌውን ቶሎ አትጣሉት። ለተወሰነ ጊዜ ሁለቱን ጎን ለጎን አስኪዱ።

ከአሜሪካ አንድ ጉዳይ ላንሳ። እዚያ በባሕር ዳርቻ አካባቢ ያሉ ቤተሰቦች ለመዝናናት ስንት ጊዜ ዓሣ ሊያጠምዱ እንደወጡ ይጠየቃሉ። ጥያቄው ተራ ይምሰል እንጂ፣ ስንት ዓሣ ከባሕር እንደወጣ የሚገመተው በዚህ ነው። ለብዙ ዓመታት በዕጣ በተመረጡ የቤት ስልኮች ይደወል ነበር። ሰዉ ግን የቤት ስልኩን ተወ። እ.ኤ.አ. በ2016 መጨረሻ ከአገሪቱ ቤተሰቦች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ሞባይል ብቻ ነበራቸው። የማያውቀውን ቁጥር የሚያነሳውም አነሰ። ፒው የተባለው የጥናት ማዕከል በ1997 በስልክ 36 በመቶ ምላሽ ያገኝ ነበር፤ በ2018 ወደ 6 በመቶ ወረደ።

ስለዚህ አጥኚዎቹ ጥያቄውን በፖስታ መላክ ጀመሩ። ፖስታ ቤቱ የቤቶች አድራሻ ዝርዝር ስላለው፣ የቤት ስልክ የሌለውም ዕጣው ሊደርሰው ይችላል። ከ2015 እስከ 2017 ሁለቱም ዘዴዎች አብረው ሠሩ። የፖስታው ግምት ከስልኩ በብዙ እጥፍ በለጠ! አጥማጁ ግን ድንገት አልበዛም። ስልክ ያነሳው ሰው የቤተሰቡን ውሎ ሁሉ ላያውቅ ይችላል፤ ቅጹ እጁ ላይ ካለ ግን ሌሎቹን ጠይቆ ይሞላል። አሮጌው ዘዴ ቀድሞ ቢቆም ኖሮ፣ የቁጥሩን ዝላይ ሰዎች እንደ እውነተኛ ጭማሪ ያዩት ነበር። አብረው በመሄዳቸው ከ1981 ጀምሮ ያሉትን ግምቶች ማስተካከል ተቻለ።

ደግሞ ፖስታውም ፍጹም አይደለም። ቅጹ መጀመሪያ ስላለፉት ሁለት ወራት፣ ቀጥሎ ስለ 12 ወራት ይጠይቅ ነበር። በ2023 ይፋ በሆነ ሙከራ ቅደም ተከተሉ ሲገለበጥ ግምቱ ከ30 እስከ 40 በመቶ ዝቅ አለ። የጥያቄ ቦታ መቀየር ብቻ ይህን ያህል ያመጣል። ቅጽ ስትነድፉ እባካችሁ ይህን አትናቁት።

ዘዴውን ግን እንዳለ ወደ አገራችን አታምጡት። እኛ ጋ ደብዳቤ በአብዛኛው የሚመጣው በፖስታ ሣጥን ቁጥር እንጂ ቤት ድረስ አይደለም። በኮቪድ ጊዜ የዓለም ባንክ በኢትዮጵያ የስልክ ጥናት ሲያደርግ፣ ቀደም ሲል በአካል ከተጠየቁ ቤተሰቦች መካከል ስልክ ቁጥር የሰጡትን ነበር የያዘው። በስልክ ሊገኙ የማይችሉት አልተጠየቁም፤ ጉድለቱ በስሌት እንዲካካስ ተሞክሯል። እናንተም በስልክ ስትሠሩ እነማን ከዝርዝሩ እንደቀሩ በሪፖርታችሁ የፊት ገጾች ላይ ጻፉ እንጂ በአባሪ ውስጥ አትደብቁት።