ቢቱን ሳትቆጥሩ ፍጥነቱን አትመኑ

በገመድ አልባ ኮሙኒኬሽን ትምህርትና ምርምር ለጀመራችሁ ወጣቶች፤

ባለ ብዙ አንቴና ጣቢያ በአንድ ድግግሞሽ፣ በአንድ ጊዜ ለብዙ ስልኮች በደንብ መላክ የሚችለው የእያንዳንዱን ስልክ ቻናል (ሲግናሉ ከጣቢያው እስከ ስልኩ የሚያልፍበትን መስመር) አቅጣጫ ሲያውቅ ነው። መላኪያውና መቀበያው በተለያየ ድግግሞሽ በሚሠሩበት ኔትወርክ ይህን የሚነግረው ስልኩ ራሱ ነው፤ ቻናሉን ለክቶ፣ ከኮድቡክ (ጣቢያውም ስልኩም አስቀድመው ከሚያውቁት የቬክተሮች ዝርዝር) ውስጥ የሚቀርበውን ቬክተር መርጦ፣ ተራ ቁጥሩን በጥቂት ቢት ይመልሳል። ሥራችሁ የሚበላሸው እዚህ ማጠጋጋት ላይ ነው።

ለአንድ ስልክ ብቻ ስትልኩ የቢት ማነስ ያን ያህል አይጎዳም። በ4 አንቴናና በ4 ቢት የዘፈቀደ ኮድቡክ የሚጠፋው ኃይል በአማካይ ከ2.2 ዴሲቤል ገደማ አያልፍም። ስልኮቹ ሲበዙ ግን ያው ስህተት ለጎረቤት ረብሻ ይሆናል። ኃይል ስትጨምሩ ረብሻውም አብሮ ያድጋል፤ ፍጥነቱ አንድ ጣሪያ ላይ ደርሶ ይቆማል። ተመራማሪው ኒሃር ጂንዳል በ2006 እ.ኤ.አ. ያሳየው ደንብ ከእጃችሁ አይጥፋ፦ ከአንቴናው ቁጥር 1 ቀንሱ፣ ለ3 አካፍሉ፣ በዴሲቤል በተለካው የሲግናልና የኖይዝ ምጥጥን አባዙ። ቻናሉ ፍጹም ቢታወቅ ከሚገኘው ውጤት በ3 ዴሲቤል ገደማ ብቻ ለመራቅ እያንዳንዱ ስልክ ይህን ያህል ቢት መመለስ አለበት። ለ4 አንቴና በ10 ዴሲቤል 10 ቢት፣ በ20 ዴሲቤል 20፣ በ30 ዴሲቤል 30 ይሆናል። 30 ቢት ከአንድ ቢሊዮን በላይ ቬክተር ያለው ኮድቡክ ነው፤ የትኛው ስልክ ፈትሾ ይጨርሰዋል? የመጀመሪያው ኤልቲኢ (የ4ጂ ኔትወርክ) ለ4 አንቴና የነበረው 16 ቬክተር፣ ማለትም 4 ቢት ነው። 5ጂ በታይፕ ቱ ኮድቡኩ ከ2 እስከ 4 ጨረሮችን በመጠንና በፌዝ አደባልቆ ቻናሉን የሚገልጸው ከዚህ ጥበት ለመውጣት ነው፤ ዋጋው ግን የሪፖርቱ መርዘም ነው።

ሲሙሌሽን ስትጽፉ ለሁሉም ስልክ አንድ ዓይነት ኮድቡክ አትስጡ። ሁለት ስልኮች ያንኑ ቬክተር ከመረጡ የዜሮ ፎርሲንግ (የአንዱን ስልክ ሲግናል ለሌሎቹ ዜሮ ለማድረግ የሚሞክር አላላክ) ማትሪክሱ አይገለበጥም፤ ፕሮግራሙ ወይ ይቆማል ወይ የማይረባ ቁጥር ያወጣል። ለየስልኩ ኮድቡኩን በተለየ የዘፈቀደ ዩኒተሪ (የቬክተሩን ርዝመት በማይለውጥ) ማትሪክስ አዙሩት፣ ወይም ያንኑ ቬክተር የመረጡትን ስልኮች በአንድ ጊዜ ለመላክ አታጣምሩ። ሌላው፣ በእኔ እይታ ከሁሉ የሚዘነጋው፣ ስልኩ ስለ ሲግናሉ የሚመልሰው የጥራት ሪፖርት ነው፦ ስልኩ ለብቻው እንደሚላክለት አድርጎ ከለካ ጥራቱን አጋኖ ይናገራል፤ ጣቢያው በዚያ ተማምኖ የማይቻል ፍጥነት ይመርጣል፣ ፓኬቱም ይወድቃል። የማጠጋጋቱን ስህተት በቁጥሩ ውስጥ አስገቡ።

ስልክ ሲበዛ ሁሉም ሪፖርት እንዲመልስ አያስፈልግም፤ ጥራቱ ከተወሰነ ወለል በታች የሆነው ዝም ይበል።

ጊዜንም ቁጠሩ። በ2 ጊጋኸርዝ፣ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር በሚሄድ መኪና ውስጥ ዶፕለሩ (በእንቅስቃሴ የሚመጣው የድግግሞሽ ለውጥ) 111 ኸርዝ ነው፤ ቻናሉ በ4 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ይለወጣል። ሪፖርቱ በየ5 ሚሊ ሰከንዱ የሚመጣ ከሆነ ጣቢያው ሲጠቀምበት አርጅቷል፤ ቢት መጨመርም አያድነውም። በሰዓት 3 ኪሎ ሜትር የሚራመድ እግረኛ ግን 75 ሚሊ ሰከንድ ያህል ይሰጣችኋል። ስለዚህ ቢቱን ለእግረኛው አውሉት፤ ባለ መኪናውን ከማንም ሳታጣምሩ ለብቻው ላኩለት።