መልስ፦ የነጭ ዘረኞች ሀሳብ ሀበሻ ጋ እንዴት ደረሰ?

የማርቆሱ ልጅ፣ "ሚኒሶታ ያለው ያጎቴ ልጅ መንጃ ፈቃድም ታክስም አይመለከተኝም ይላል፣ የነጭ ዘረኞች ነገር እሱ ጋ እንዴት ደረሰ" ላልከው፣ ነገሩ "ሶቨሪን ሲቲዝን" (ሉዓላዊ ዜጋ ነኝ፣ የመንግሥት ህግ አይገዛኝም ማለት) የሚባለው ነው፣ እሱ ጋ የደረሰው ዘረኝነቱ ተራግፎ የሚሸጠው ፎርም ብቻ ስለተረፈ ነው።

በፈረንጆቹ 1970ዎቹ ፖሲ ኮሚታተስ የሚባሉት የአሜሪካ ነጭ ዘረኞች ሲያስፋፉት ጥቁር እንደ ነጭ ሙሉ ዜጋ አይደለም፣ ዜግነቱ በአሜሪካ ህገ መንግሥት 14ኛው ማሻሻያ የተሰጠ ነው ይሉ ነበር። 80ዎቹ ላይ እርሻው በባንክ እዳ ሊሸጥበት የደረሰ ገበሬ ያዘው፣ በ90ዎቹ ደግሞ ሙር (የጥንት የሰሜን አፍሪካ ሰዎች ዘር) ነን የሚሉ ጥቁር አሜሪካውያን የራሳቸውን ታሪክ አልብሰው ወሰዱት። ሁሉም ጋ ግን እዳ ወይ ክስ ያስጨነቀው ሰው አለ፣ ስምህ በካፒታል ሌተር ከተጻፈ "እኔ አይደለሁም፣ ድርጅት ነው" በል ይሉታል፣ በቃ እንደ ክታብ ነው፣ ቃሉን ሳትስት ከደገምከው ዳኛው ይለቅሃል ዓይነት። ፍርድ ቤት አይቀበለውም።

(በኛ አቆጣጠር በ1960 የኛ ጎጃም ገበሬም የእርሻ ግብር እምቢ ብሎ ተነስቷል፣ ግን ፊት ለፊት ነው፣ ፊደል ስር አልተደበቀም።)

ደሞ ህግ እየጠቀስክ እንዳትከራከረው፣ እኔ ከአንድ ዘመዴ ያተረፍኩት ሌሊቱን ሙሉ ቪዲዮ ሲላክልኝ ማደር ነው። ይልቅ ምን እዳ እንዳለበትና ፎርሙን ከማን በስንት እንደገዛው ጠይቀው።