መልስ፦ ሥራ ሳይለቁ በቅድመ መደበኛ ትምህርት ማስተርስ

ሰላም እህቴ፣ የመዋዕለ ሕፃናት ሥራሽን ሳትለቂ ማስተርስ መማር ይቻል እንደሆነ ጠይቀሻል። ይቻላል፤ የማታ ወይም የቅዳሜና እሁድ ኤክስቴንሽን ፈልጊ። መጀመሪያ የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተናውን፣ ጋትን፣ ማለፍ ይጠበቅብሻል። ኦፊሻል ትራንስክሪፕት (የዲግሪ ውጤትሽ ማስረጃ) ከተማርሽበት ተቋም በቀጥታ ስለሚላክ ምዝገባ እስኪከፈት አትጠብቂ፤ የወጪ መጋራት ዕዳ ካለብሽ ያዘገይብሻል። የግል ኮሌጅ ከሆነ ዕውቅናው ለዚሁ ፕሮግራምና ለምትማሪበት ካምፓስ መሆኑን ከትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን አረጋግጪ።

ሠራተኛ ተማሪን በጣም የሚፈትነው ግን ጥናታዊ ጽሑፉ ነው። የማስተርስ ትምህርትሽ ቅዳሜ ቢሆንም፣ ለጽሑፉ ሕፃናትን የምትመለከቺ ከሆነ ሲጫወቱ የሚታዩት በሥራ ቀን፣ በተለይ ጠዋት ነው፤ ከምሳ በኋላ ብዙዎቹ ይተኛሉ። ስለዚህ ከአለቃሽ የጠዋት ፈቃድ አስቀድመሽ በጽሑፍ ያዢ። ከትምህርት ክፍሉ የትብብር ደብዳቤ፣ ከወላጆች ደግሞ የተፈረመ ስምምነት ያስፈልግሻል። የራስሽን ክፍል ልጆች ባታጠኚ ይሻላል፤ እያስተማርሽ ያየሽውን መጻፍ ስለማትችዪ ማስታወሻሽ ይጎድላል።