ጫማ ሳይሰቀል

ኳስ የምትጫወቱ ልጆቼ፣

ባለፈው ሰሞን ተረኛ በነበርኩበት ሌሊት አንድ የ19 ዓመት ኳስ ተጫዋች ጉልበቱ አብጦ፣ ጓደኞቹ ደግፈውት መጣ። ስለ ሕመሙ አልነገረኝም። «ዶክተር፣ እጫወታለሁ?» ብቻ ነው ያለኝ። ትምህርቱን ከ9ኛ ክፍል አቋርጧል። ጉልበቱን እያሰርኩ ጃክ ካይል ትዝ አለኝ።

ካይልን ባታውቁት አይፈረድባችሁም፤ ራግቢ፣ ኳስ በእጅ ይዞ የሚሮጥበት ጨዋታ፣ እኛ አገር ብዙም አልተለመደም። በ1926 ቤልፋስት ተወለደ (ዘመኑን ሁሉ በፈረንጆቹ ቁጠሩልኝ)። የአየርላንድ ቡድን የጨዋታ አቀጣጣይ ሆኖ 46 ጊዜ ለአገሩ ተሰልፏል። በ1948 እንግሊዝን፣ ስኮትላንድን፣ ዌልስንና ፈረንሳይን በአንድ የውድድር ዘመን አሸነፉ። አየርላንድ ያንን እስክትደግም 61 ዓመት ፈጀባት።

በዚያ ዘመን ለራግቢ ተጫዋች ገንዘብ መክፈል ክልክል ነበር፤ ክልከላው የተነሳው በ1995 ነው። ሕጉን አላሞግስም፤ ሠራተኛውን በድሏል። በ1895 የሰሜን እንግሊዝ ክለቦች ከራግቢ ማኅበሩ ተገንጥለው የወጡትም ተጫዋቾቻቸው ከሥራ ለቀሩበት ቀን ማካካሻ እንዳያገኙ ስለተከለከሉ ነው። ካይል ግን እየተጫወተ ሕክምና ተማረ።

በ1966፣ በ40 ዓመቱ፣ ቺንጎላ ወደምትባል የዛምቢያ የመዳብ ማዕድን ከተማ ሄደ። እዚያም ቀዶ ሐኪም ሆኖ 34 ዓመት ሠራ! እኔም በክፍለ ሀገር ሆስፒታል ብቻዬን ቀዶ ሕክምና ስሠራ ኖሬያለሁና ይህ ምን እንደሚጠይቅ አውቃለሁ። ምጥ የጠናባትን እናት አዋልደህ ሳታርፍ የተበሳ አንጀት ይጠብቅሃል፤ መብራት ሲጠፋ ነርሷ በእጅ ባትሪ ታበራልሃለች። እዚያ ጠረጴዛ ላይ የተኛ ሰው ለሐኪሙ ስንት ሺህ ሕዝብ እንዳጨበጨበለት አያውቅም። ቢያውቅም ደሙን አያቆምለትም።

እባካችሁ፣ እግራችሁ እየታዘዘላችሁ ሳለ፣ ስማችሁ እየተጠራ ሳለ፣ ሌላ ሙያ ጀምሩ። ከጉዳት በኋላ የሚጀመር ትምህርት ከሐዘን ጋር ነው የሚጀመረው፤ ደብተሩ ይከብዳል። ስፖርቱን ተዉ አላልኩም። ካይልም አልተወም፤ እስከ 1958 ለአገሩ ተጫውቷል።

በማግስቱ ልጁን «ለወራት ሜዳ አትረግጥም» አልኩት። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ጥቂት ቆይቼ የ9ኛ ክፍል መጻሕፍቱ የት እንዳሉ ጠየቅሁት። እሱ ዝም ሲል እናቱ ከአልጋው ግርጌ ሆነው መለሱልኝ።

«አሉ ዶክተር፤ እኔ ጠቅልዬ አስቀምጫቸዋለሁ።»