ወደ ግራ የሚስብ መኪና፦ ከአላይመንት በፊት ነፋሱን ይለኩ

አንድ የጎንደር አንባቢ ቪትዝ መኪናቸው ወደ አዘዞ ሲወርዱ ወደ ግራ እንደሚስብ፣ መሪውም እንደከበዳቸው ገልጸው፣ ሁለት ጊዜ አላይመንት (የጎማዎቹን አቅጣጫ ማስተካከያ) አሠርተው ለውጥ ስላላገኙ ለሦስተኛ ጊዜ ማሠራት ይገባቸው እንደሆነ ጠይቀዋል።

እንደገና ከመክፈልዎ በፊት የጎማዎቹን ነፋስ ይለኩ። አስፋልት ለውሃ መውረጃ ሲባል ወደ ዳር ዘንበል ተደርጎ ስለሚሠራ መኪና ጥቂት ወደ ቀኝ ቢያደላ አያስገርምም፤ ወደ ግራ፣ ማለትም ከፊት ወደሚመጣው ተሽከርካሪ የሚስብ መኪና ግን አንድም ቀን ችላ ሊባል አይገባውም። የፊት ግራ ጎማ ነፋስ ሲጎድለው ጎኑ ይተኛል፣ መሬት የሚነካው ክፍሉ ይሰፋል፣ መሽከርከርም ስለሚከብደው መኪናውን ወደ ራሱ ይጎትታል። ሁለቱም የፊት ጎማዎች ከጎደላቸው መሪው ይከብዳል፤ በኩርባ ላይም መሪው ሲዞር በመጀመሪያ የሚታጠፈው የጎማው ጎን በመሆኑ መኪናው ዘግይቶ ይታዘዛል። እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ የኋላዎቹ መጉደል ነው፤ ሾፌሩ በመሪው ሳይሰማው ቆይቶ፣ በፍጥነት ሲታጠፍ የመኪናው ኋላ ሊከዳው ይችላልና።

ነፋስ የሚለካው ጠዋት፣ መኪናው ከመነሳቱ በፊት ነው። ጎሚስታ ጋ እስኪደርሱ ጎማው ስለሚሞቅ መለኪያው ከፍ ያለ ቁጥር ያሳያል፤ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሲጨምር ቁጥሩ በ1 ወይም በ1.5 ፒኤስአይ (የነፋስ ግፊት መለኪያ) ገደማ ያድጋል። ስለዚህ የሞቀ ጎማ በዛ ተብሎ ነፋሱ አይቀነስም። የራስዎን መለኪያ እንዲገዙ አጥብቄ እመክራለሁ። ትክክለኛው መጠን በሾፌሩ በር ምሰሶ ላይ ተለጥፎ ይገኛል፤ ከጃፓን በመጡ መኪኖች ላይ በሌላ የግፊት መለኪያ፣ በኪሎ ፓስካል፣ ስለሚጻፍ 230 የሚል ካዩ 33 ፒኤስአይ ማለት ነው። በጎማው ጎን ላይ የታተመው ግን ጎማው የሚችለው ከፍተኛው መጠን እንጂ የሚሞላበት ልክ አይደለም። «ጠንከር አድርገህ ሙላው» የሚሉ ደንበኞች ብዙ ናቸው፤ ከልክ በላይ የተነፋ ጎማ በኮብልስቶን ላይ ይነጥራል፣ መሬት የሚይዘውም በመሐሉ ብቻ ስለሆነ ፍሬን ሲያዝ ይንሸራተታል።

ነፋሱ ተስተካክሎም መሳቡ ካልቀረ፣ ጎማዎቹ በጎናቸው የታተመ የአዟዟር አቅጣጫ ቀስት የሌላቸው ከሆኑ ሁለቱን የፊት ጎማዎች ያቀያይሯቸው። መኪናው አሁን ወደ ቀኝ ከሳበ ጥፋቱ የጎማው ነው። አሁንም ወደ ግራ ከሳበ ጥቂት ነድተው ያቁሙና እጅዎን ሳያስነኩ ወደ ሁለቱ የፊት ቸርኬዎች ያስጠጉ፤ የግራው በጣም ከጋለ ፍሬኑ ይዞ አልለቀቀም ማለት ነውና፣ መኪናው አላይመንት ሳይሆን የፍሬን ባለሙያ ያስፈልገዋል።