ኦይስተር ወንድ ነው ሴት?

ሰላም እህቴ። «የኦይስተር ፆታ ገና ከጅምሩ ነው የሚወሰነው ወይስ በኋላ? አይቶ መለየትስ ይቻላል?» ብለሽ ጠይቀሻል።

ኦይስተር በሁለት ቅርፊት መካከል የሚኖር፣ ለምግብ የሚውል የባሕር እንስሳ ነው። ከሁለተኛው ጥያቄ ልጀምር። ከላይ አይቶ መለየት አይቻልም። እኔ አራት ኪሎ አካባቢ ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ሼፍ የሆነ የቀድሞ ተማሪዬ፣ ለሚሠራበት ሆቴል በበረዶ ታሽገው ከመጡት ጥቂት አምጥቶልን ከልጆቹ ጋር ከፍተናል። ቅርፊቱ ምንም አይነግርሽም። የእኛን ቆሮሶ ዓሣ ገልብጠሽ ከሥሩ ያሉትን ቀዳዳዎች ብታዪ ወንድና ሴቱን ትለያለሽ። ኦይስተር ላይ እንዲህ ያለ ነገር የለም። ዘር የያዘ ከሆነ ግን የምግብ መፍጫውን ዙሪያውን የከበበ፣ ነጣ ያለ ወፍራም ነገር ታገኛለሽ። ከሱ ትንሽ ቆንጥረሽ ብርጭቆ ውሃ ውስጥ ጣል አድርጊ። እንቁላል ከሆነ ደቃቅ ፍሬ ፍሬ ሆኖ ይበተናል። የወንድ ዘር ከሆነ ውሃውን ወተት ያስመስለዋል። ማረጋገጫው ግን ማይክሮስኮፕ ነው። ልጆቹ እንቁላሎቹን ሲያዩ ከማይክሮስኮፑ አልነሳ ነው ያሉት።

ወደ ዋናው ጥያቄ ስንመጣ፣ «ፆታን የሚወስኑት ኤክስና ዋይ ክሮሞሶሞች ናቸው» የሚለውን ትምህርት እዚህ ጋ ተዪው። የፓሲፊክ ኦይስተር 10 ጥንድ ክሮሞሶም አለው፤ ከነሱ ውስጥ ወንድና ሴት ላይ ተለይቶ የሚታይ ጥንድ የለም። ጂን ድርሻ አለው። ምግቡና የውሃው ሙቀትም ይገቡበታል። ብዙዎቹ መጀመሪያ ለዘር ሲደርሱ ወንድ ናቸው። ዕድሜና መጠን ሲጨምሩ ብዙዎቹ ሴት ይሆናሉ፤ ተመልሰው ወንድ የሚሆኑም አሉ። ለውጡ የሚመጣው ዘር ረጭተው ከጨረሱ በኋላ ነው። የዘር እጢው ይሟሽሻል፤ ለሚቀጥለው ወቅት እንደገና ሲሠራ በሌላ ፆታ ሊሠራ ይችላል። የአውሮፓው ጠፍጣፋ ኦይስተር ደግሞ ይብሳል፤ በአንድ ወቅት ውስጥ እንኳ ይቀያየራል።

ለምን ወንድነት ይቀድማል? እኔን የሚያሳምነኝ የአቅም ጉዳይ ነው። እንቁላል ስንቅ ይፈልጋል። ትልቅ ሴት ኦይስተር በአንድ ጊዜ እንቁላል በአስር ሚሊዮኖች ትለቃለች፤ ትንሽ ገላ ይህን አይችለውም። የወንድ ዘር ግን በትንሽ ገላም ይበቃል። ምግብ የበዛበት ቦታ ላይ ሴቶቹ የሚበዙትም ለዚህ ይመስለኛል።

አንቺም ለማየት ከፈለግሽ፣ ኦይስተሩ መቼ እንደተለቀመ ሆቴሉን ጠይቂ። ከመራቢያ ወቅቱ ውጪ ከሆነ እጢው ባዶ ስለሚሆን ማይክሮስኮፕም አይረዳሽም። ለገበያ ከሚረቡት አንዳንዶቹ ደግሞ ሆን ተብሎ በሁለት ፈንታ ሦስት ስብስብ ክሮሞሶም እንዲኖራቸው የተደረጉ ናቸው። እነሱ ላይ ዘር ብትፈልጊ የምታገኚው እዚህ ግባ የማይባል ነው።